ቀዮ፣ የቅሬያችን መጋዝ

የሞተር ዘይት ሽታ ልቧን የሚያሞቃት ሴት ብዙ የምትገኝ አይመስለኝም። እኔ ግን አንዷ ነኝ። ሌላውን ሰው ወደ ዱሮው የሚመልሰው አሪቲ ነው፣ አደስ ነው፤ እኔን የሚመልሰኝ ግሪስ የጠጣ የሰም ወረቀት ነው። ባለፈው ጥቅምት ለዘመድ ልጅ ኒካህ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ከድግሱ ቤት ወጥቼ ወደ መናኸሪያ ሳዘግም፣ እግሬ ሳያማክረኝ በዱሮው የመለዋወጫ ሱቆች መንገድ ይዞኝ ሄደ። ከሱቆቹ አንዱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ካርቶን በካርቶን ላይ ተከምሮ ደጁን ሞልቶታል። ከውስጥ አንድ ሽታ መጣና ፊቴ ላይ አረፈ። ባለሁበት ቀጥ አልኩ። የስድሳ ምናምን ዓመት ሴት፣ የበዓል ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ሂና ተቀብታ፣ የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ዓይኗን ጨፍና አየር ስትስብ ያየ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ሻሼን ወደ ኋላ ያሰርኩ የባንኮኒ ሠራተኛ ነበርኩ።

ሱቁ የሐጂ ኑርዬ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ፤ እኔ የማስታውሰው ዋጋውን ነው። ሻይ በስሙኒ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በአውቶቡስ አንድ ብር፣ ሸራ ጫማ ሰባት ብር፣ እሱም ለሁለት ክረምት ይበቃል። የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እየገቡ «ሰዓዳ፣ ካንዴላ! ሰዓዳ፣ ኩሽኔታ!» ይሉኛል። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ነበር፤ ሬዲዮኑ ቀኑን ሙሉ የባቲ ቅኝት ሲያንቆረቁር ይውላል። ዛሬም ያን ቅኝት ስሰማ እጄ መደርደሪያ ይፈልጋል። ትምህርት ቤት በልጅነቴ አልገባሁም፤ ፊደል ሳልቆጥር በፊት የካርቶን ቁጥር ቆጠርኩ። ሐጂ «ልጄ፣ ዕቃን በመልኩ አትሽጪ፤ በቁጥሩ ሽጪ። መልክ ያታልላል» ይሉኝ ነበር፤ ይህን ሕግ አደረግኩት። ኋላ የማታ ትምህርት ገብቼ ከእኔ በሚያንሱ ልጆች መሃል ስቀመጥ፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ሰባት ቁጥር አይተው «ይኼ ደግሞ ለምን መቀነት ታጠቀ?» ብለው ክፍሉን አሳቁብኝ። በካርቶኖቹ ላይ ሰባት ሁሉ ወገቡ የታሰረ ነበራ! እስካሁንም ሰባትን ያለ መቀነት አልጽፍም። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ የማነብ ሰው ወጣኝ፤ የመጀመሪያ መጽሐፎቼ ግን እነዚያ ካርቶኖች ናቸው።

እንድሪስ ወደ ሕይወቴ የገባውም በዚሁ ባንኮኒ በኩል ነው። አንድ ረፋድ ላይ፣ ቤልቦተም ሱሪው እስከ ጉልበቱ ሰጋቱራ የለበሰ ረጅም ሰው መጣና መሐረቡን ፈታ። መሐረቡ ውስጥ ሁለት ቦታ የተሰበረች የፒስተን ፋሻ አለች፤ ፒስተኑን እንደ ቀለበት አቅፋ የሞተሩ ጉልበት እንዳያመልጥ የምትዘጋ ቀጭን ብረት።

«ይቺን አምጪልኝ» አለ።

«ቁጥሯ?»

«ቁጥር ምን ያደርግልሻል? ይኸው ራሷን አምጥቻለሁ እኮ!»

«የሞተሩን ቁጥር ካላመጣህ አልሸጥልህም።»

«ሱብሃነላህ! ሐጂ፣ ይቺ ልጅ ሻጭ ናት ወይስ ቃዲ?»

ሐጂ ኑርዬ ከመቁጠሪያቸው ቀና ሳይሉ «ቃዲ ናት። ሂድና ምስክርህን አምጣ» አሉት።

በማግስቱ ምስክሩን አመጣ። ሞተሩን እንዳለ ተሸክሞ፣ ከደሴ በአውቶቡስ የሐረጎን ቁልቁለት አስወርዶ፣ ባንኮኒዬ ላይ ዘፍ አደረገው፤ ቀይ የዛፍ መቁረጫ ሞተር፣ ሰንሰለቱ የተንጠለጠለ። «ይኸውልሽ ቃዲዬ። ቀዮ ይባላል። አንብቢው!» አነበብኩት፤ ትክክለኛዋን ፋሻ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ፋሻ ያልተሰበረ ሳምንትም ይመጣ ጀመር። አንዳንዴ ለካንዴላ፣ አንዳንዴ ለአንዲት ብሎን። ከደሴ ድረስ ለአንዲት ብሎን! በዓመቱ ሚስቱ ሆኜ ደሴ ገባሁ።

ቀዮ የእንድሪስ አልነበረም፤ የቅሬያችን ነበር። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለችው ሰፈራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር በሚለው ማኅበር፣ የሚቀባበርባት ናት። ቅሬው ድንኳን፣ ድስት፣ አካፋና ዶማ እንዳለው ሁሉ፣ በመዋጮ የገዛው አንድ የሞተር መጋዝ ነበረው። እንደ በሬ ስም ያወጡለት በቀለሙና በድምፁ ነው። እንድሪስ ሳምንቱን ቦሩ ሜዳ ወጥቶ ባሕር ዛፍ ይጥልበታል፤ ሰው ሲሞት ግን ቀዮ ሌላ ሥራ የለውም። ሊነጋጋ ሲል እንጨት ይቆርጣል፤ ለሙስሊሙ የመቃብር ርብራብ፣ ለክርስቲያኑ የሐዘን ቤት ማገዶ፣ ለሁለቱም የድንኳን ምሰሶ። የሞት ለፋፊው ከገደሉ ማዶ ሳይደርስ የቀዮ ድምፅ ይደርሳል። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ ጠዋት ቀዮ ካጓራ ነገሩ አንድ ብቻ ነው። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ አካፋውን ይዞ ድምፁ ወደ መጣበት ይወጣል፤ የዘገየ ይቀጣል። እንድሪስ ለዚህ ሲል ቀዮን በሰፈር ውስጥ ለቀልድ እንኳ አስነስቶት አያውቅም። ጠግኖ ሲጨርስ የሚሞክረው ቦሩ ሜዳ ወስዶ ነው።

ኋላ ዘመኑ ዞረ፤ አሰብም ራቀች፤ የቀዮ ዕቃ መምጣቱን አቆመ። የመጨረሻዋ ፋሻ የተሰበረች ዕለት እንድሪስ ሞተሩን በጆንያ ጠቅልሎ ቅሬው መጋዘን ውስጥ ከድንኳኑ ኋላ አስቀመጠው። «አብሽሪ፣ ዕቃው ይገኛል» ይለኝ ነበር። አልተገኘም። እሱ ራሱ የሄደ ጊዜ፣ ለሰፈሩ ሁሉ የቆረጠ ሰው፣ ርብራቡ ከገበያ ተገዝቶ በጋሪ መጣለት። ሰው ሞልቶ ቀበረው፤ ቅሬው አንዲት ነገር አላጎደለበትም። ግን ያን ቀን ጆሮዬ አንድ ድምፅ ሲጠብቅ ዋለ። ለማንም አልነገርኩም። ይህ ይነገራል? ብረት አላለቀሰልኝም ብሎ የሚከፋ ሰው አለ?

ባለፈው መስከረም በቅሬው ስብሰባ ላይ ዳኛችን ጋሽ አሰፋ መጋዘኑ ጠቧል አሉ። አዲስ ወንበር ሊገባ ነው፤ የተሰነጠቁት ድስቶች፣ የዛገው በርሜልና ቀዮ ከሚቀጥለው ስብሰባ በኋላ ለቆራሌው ይሰጡ ተባለ። እኔ በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን እጄ ወጣ።

«ቢነሳስ?»

«ምኑ?»

«ቀዮ።»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጋሽ አሰፋ አልሳቁም፤ ፍርድ የሚወዱ ሰው ናቸው። «ሰዓዳ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ዕለት ጉባኤው ፊት ተነስቶ አንድ ግንድ ከቆረጠ፣ ቦታውን ወንበር አይወስድበትም። ካልተነሳ ግን ለብረት አናለቅስም» አሉ።

እንዴት እንደማስነሳው አላውቅም ነበር። ያለ ፋሻ የሚነሳ ሞተር የለም። ስብሰባው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው እንግዲህ ኮምቦልቻ ላይ፣ የሐጂ ኑርዬ ሱቅ በር ላይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የቆምኩት።

«እማማ፣ ደከመዎት እንዴ? ውኃ ላምጣልዎ?» አለችኝ አንዲት ወጣት።

«የለም ልጄ፣ እያነበብኩ ነው» አልኳት፤ ዓይኔ እንደተጨፈነ።

ነፊሳ ትባላለች፣ የሐጂ ኑርዬ የልጅ ልጅ። ሱቁን የመዋቢያ ዕቃ መሸጫ ልታደርገው ነው። ስሜን ስነግራት «ቃዲዋ ሰዓዳ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አያቷ ለካ እስኪሞቱ ድረስ ያወሩላት ነበር። በዚያ ክፉ የጦርነት ሰሞን ሱቁ ሲበረበር እንኳ እነዚህን ካርቶኖች የነካቸው የለም አለችኝ፤ ምን እንደሆኑ ማን ያውቃል? «ቆራሌው ነገ ይመጣል። የሚፈልጉት ነገር ካለ ይግቡና ይውሰዱ።»

የሚፈልጉት ነገር ካለ! የበዓል ቀሚሴን ሰብስቤ መሰላል ወጣሁ። መደርደሪያው አቧራ ከመልበሱ በቀር እኔ እንደተውኩት ነው። የቀዮ ቦታ ከላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ በግራ ጥግ ነበር። እጄ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። አይጥ ጥጉን የቀመሰችው ካርቶን፣ በላዩ ላይ መቀነት የታጠቁ ሰባቶች። ቁጥሩን አንዴ አነበብኩ፤ ደግሜ አነበብኩ፤ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩ። ካርቶኑ ውስጥ የሰም ወረቀት አለ። ወረቀቱ ውስጥ ፒስተን አለ፤ ከፋብሪካ ወጥቶ ሞተር ሳይገባ፣ ሰው ሳይነካው የኖረ፣ እንደ ብር የሚያበራ። ጓርኒሲዮኑ አብሮ አለ፤ የሞተሩን መገጣጠሚያ የሚደፍነው ወረቀት፣ እጥፋቱ እንኳ አልተሰበረም። ከሥር ደግሞ በትንሽ ፖስታ አንድ ጥንድ ፋሻ። አንድ ጥንድ ብቻ።

መሰላሉ ላይ ሆኜ እልልታዬን አቀለጥኩት። እኔ! በገዛ ልጄ ሠርግ እንኳ ድምፄ ያልተሰማ ሴት! ነፊሳ ደንግጣ መሰላሉን ያዘችልኝ። ገንዘብ ሳወጣ «ይተዉት እማማ፣ አያቴ በሕልሜ መጥተው ይቆጡኛል» አለች።

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ካርቶኑን ደረቴ ላይ ታቅፌዋለሁ። በዱሮው አውቶቡስ ጊዜ ይህን ዳገት ስንወጣ ሞተሩ ሲያቃስት ተሳፋሪው ዱዓ ያደርግ ነበር፤ አሁን ሁሉም ስልኩ ላይ አጎንብሷል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ብቻ ታዝባኝ ኖሯል።

«ሕፃን ነው እንዴ እንዲህ ያቀፉት?»

«ፒስተን ነው።»

ረዳቱ ከበሩ ዞር ብሎ «ታዲያ እማማ፣ ሒሳቡ የሁለት ሰው ነው!» አለ። መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ እስከ ደሴ ድረስ አፌ አልገጠመም።

ቀዮን ከመጋዘን ያወጡልኝ ጋሽ አሰፋ ራሳቸው ናቸው። የወሰድኩት እዚሁ ደሴ፣ ሮቢት አካባቢ ባጃጅ ለሚጠግነው ለጌታቸው ነው። ጌታቸው የገራዶ ልጅ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ደፍኗል፤ አፉ የማያርፍ፣ እጁ ግን ሸጋ።

«እትዬ ሰዓዳ፣ ይኼ ሞተር እኮ ጡረታ አይደለም የወጣው፤ ተቀብሯል!»

«አውጣው እንግዲህ።»

«የባጃጅ ፒስተን ሞዲፊክ ላድርግልዎ? ሞርጄ፣ አስማምቼ፣ ነገ ማታ ሳይደርስ...»

«ኦርጅናሉ አለኝ» ብዬ ካርቶኑን ፊቱ አስቀመጥኩ።

የሰሙን ወረቀት ገለጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ተመልሶ በሳሙና ታጠበ፤ ከዚያ ነው የነካው። «ኧረ እቴ፣» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አሁንም አለ ለካ?» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሱም እንደ እኔ ሆነ። የባጃጅ ደንበኞቹን «ነገ! ነገ ኑ!» እያለ ይመልሳቸው ጀመር።

የማጣሪያውን ክዳን ስንከፍት ሰጋቱራ ፈሰሰ። ቆንጠር አድርጌ አሸተትኩት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የባሕር ዛፍ ሽታ አለው ብል ታምኑኛላችሁ? የቦሩ ሜዳ ብርድ፣ የእንድሪስ ሸሚዝ፣ ማታ በር ላይ ጫማውን ሲያራግፍ። ጌታቸው እፍ ሊለው አፉን ሲያሞጠሙጥ እጄን አስቀደምኩና መሐረቤ ውስጥ ቋጠርኩት። ጭስ መውጫው ውስጥ ተርብ የጭቃ ቤቷን ሠርታበት ነበር፤ በእንጨት ፈንቅለን አወጣናት። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ የሚኖርበት ሲሊንደር ግን ግድግዳው ጭረት የለውም። ፋሻዋ የተሰበረች ዕለት እንድሪስ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶታል። አንድ ግንድ ልጨርስ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አዲሱ ፒስተን ለጌጥ ብቻ ነበር።

ፋሻ ሲሊንደር ውስጥ ስትገባ ጫፍና ጫፏ አይነካካም፤ ሞተሩ ሲግል የምትለጠጥበት ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ከጠበበ ትሰበራለች፤ ከሰፋ ጉልበት ያመልጣል። እንድሪስ የሚለካው በጢም ምላጭ ነበር፤ ሁለት ምላጭ ተደርቦ ይግባ፣ ሦስተኛው እንቢ ይበል።

«በምላጭ!» አለ ጌታቸው እየሳቀ። «ሞተሩን ልንጠግነው ነው ልንላጨው?» ግን ልኮ አስገዛ። ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛውን ሲሞክር እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ሦስተኛው እንቢ አለ። «ወላሂ እንቢ አለ!» ብሎ ጮኸ፤ ክርስቲያኑ ሰውዬ።

የፒስተኑ አናት ላይ ትንሽ ቀስት ተቀርጾበታል።

«ይቺስ ወዴት ትዙር? ወደ ቂብላ?»

«ወደ ጭስ መውጫው።»

«እኛ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው ልማዳችን።»

«ጌታቸው፣ አሁን አትቀልድ!»

ተቆጥቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ቀስቱ ከተገላበጠ የፋሻዋ ጫፍ በሲሊንደሩ ግድግዳ ባለው መስኮት ሾልኮ ይሰበራል፤ ሌላ ጥንድ ደግሞ ከየት ይመጣል? ሁለቱን ፋሻዎች በጣቱ ጨምቆ ሊያስገባ ሲል «ቁም!» ብዬ ባጃጆቹን ያስበረገገ ጩኸት ጮህኩ። ከጓዳው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አስመጣሁ። እንደ እንድሪስ በቀጭኑ ቆርጠን፣ ዘይት ቀብተን፣ ፋሻዎቹን እንደ መቀነት አስታጠቅናቸው፤ ከዚያ ሲሊንደሩን ከላይ ቀስ አድርጎ አወረደው። ቆርቆሮው ወደ ታች እየተንሸራተተ ወጣ፤ ፒስተኑ ጠቅ ብሎ ገባ። ተያየን። ጌታቸው አማተበ፤ እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

አልነሳ አለ እንጂ። ቅዳሜ እስኪመሽ ገመዱን ብንስብ፣ ብንስብ፣ ካንዴላው እሳት አልሰጥ አለ። ስብሰባው ደግሞ በማግስቱ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ጌታቸው እሳት የሚያስነሳውን ፕላቲን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። «ቤቴ ወስጄ አጸዳዋለሁ። ቀዮ እርስዎ ዘንድ ይደር፤ ጠዋት ማለዳ ግቢዎ ድረስ እመጣለሁ፤ ከስብሰባው በፊት እንሞክረዋለን። አይዞዎት።»

ያቺን እሑድ ጠዋት እስከዛሬ አጣጥማታለሁ። ጦሳ ራሱ ላይ ጉሙን ጠምጥሟል፤ ጀምበር ገና አልወጣችም። ቤንዚኑን ከዘይቱ ጋር የቀላቀልኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ማንንም አላምንም። ጌታቸው ፕላቲኑን መለሰ፣ ቀዮን የግቢዬ ጉቶ ላይ አስቀመጠ፣ በእግሩ ረገጠና ገመዱን ሳበ። ምንም። ደግሞ ሳበ። ምንም። ደግሞ ሲስብ ቀዮ እንደ ሽማግሌ አንዴ አሳለ።

«ሰማህ?» አልኩ።

«ሰማሁ! ሰማሁ!»

ዘለግ አድርጎ ሳበው፤ ያን ጊዜ አጓራ! ያ ድምፅ! ከሆድ የሚነሳ፣ አጥሩን የሚያርገፈግፍ፣ መጀመሪያ ሻካራ፣ ከዚያ እየጠራ፣ እየጠራ የሚሄድ። ሰማያዊ ጭሱ ግቢውን ሞላው። ጌታቸው ይስቃል፤ እኔ እጄን አጨበጭባለሁ፤ ዶሮዎቹ ጣሪያ ወጥተዋል። «አታጥፋው! አታጥፋው!» እላለሁ። ፋሻው ያዘ! ጭሱ ሳሳ፣ ድምፁ ረጋ፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው፣ ልክ እንደ ራሱ።

በዚህ ሁሉ መሃል ነው ከአጥሩ ወዲያ ሌላ ድምፅ የመጣው።

«ወየው ሰዓዳዬ! ወየው ብቸኛዋ! ማንም ሳያያት! ማንም ውኃ ሳያቀምሳት!»

የጎረቤቴ የእማማ ትርንጎ ድምፅ ነው። እማማ ትርንጎ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ በአጥር ላይ ጮኼ ነው ሰላም የምላቸው። በሩ ተበረገደ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ምርኩዛቸውን እየወረወሩ ገቡ። ከኋላቸው ሴቱ፣ ከሴቱ ኋላ ወንዱ አካፋና ዶማ ይዞ። ከሁሉም ኋላ ጋሽ አሰፋ የመጋዘኑን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው፣ የድንኳኑን ሸራ ለሁለት ሰዎች አሸክመው። ያኔ ነው የገባኝ። እንድሪስ ዕድሜውን ሙሉ ያልተላለፈውን ሕግ እኔ በደስታ ብዛት ረስቼው፣ ቀዮን በማለዳ፣ በሰፈር መሃል፣ በገዛ ግቢዬ አስጮህኩት። ብቻዋን የምትኖር ሴት ግቢ! ሰፈሩ ሊቀብረኝ መጥቷል።

ጌታቸው ሞተሩን አጠፋ። የኛን ሰፈር ልማድ አያውቅምና አካፋውን ሁሉ ሲያይ ሊመቱን መስሎት ወደ ኋላ አፈገፈገ። እኔ እጄ እስከ ክርኔ ግሪስ ለብሶ፣ ጉንጬ ላይ ጥላሸት፣ መሃል ቆሜያለሁ።

እማማ ትርንጎ አጠገቤ ድረስ መጥተው በጣታቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አንቺ! አልሞትሽም?»

«ገና ነኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ እንባዬን ማን ይመልስልኛል?»

ሳቁ ከወዲያም ከወዲህም ፈነዳ። ሲያለቅሱ የመጡት ይበልጥ ሳቁ። ጋሽ አሰፋ ግን እጃቸውን አነሱ። «ቆዩ። ቀዮ ተነስቷል፤ አይተናል። ነገር ግን ሰው ሳይሞት ቀዮን በሰፈር ማስነሳት የቅሬውን ሕግ መጣስ ነው። ነገ ሰው በእውነት ሲሞት ማን ያምነዋል? እንዲህ ከሆነማ ለቆራሌው ይሂድ ማለት ነው።»

እውነታቸውን ነው።

«ቆይ አሰፋ» አሉ እማማ ትርንጎ። «ቀዮ በከንቱ አያጓራም። ሰዓዳ፣ ለማን ነው ያስነሳሽው?»

ረስቼው ነው ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ረስቼው ነው። አፌ ያወጣው ግን ሌላ ነው። እሱም እውነት ነው።

«ለእንድሪስ» አልኩ። «ለሁላችሁም ተነስቷል። ለእሱ ብቻ አልተነሳለትም ነበር።»

ከዚያ ጋሽ አሰፋ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሰፈራችን ሼህ ከሰዉ መሃል ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ዱዓ አደረጉ፤ ሙስሊሙ አሚን ሲል ክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር» አለ። ያን የመሰለ ጠዋት አይቼ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ የሐዘን ልብሱን ለብሷል፣ ፊቱ ግን በርቷል።

ዱዓው እንዳበቃ አንድ ጎልማሳ አካፋ ተሸክሞ እያለከለከ በበሩ ገባ።

«ማን ነው? ማን ነው የሞተው?»

«እንድሪስ» አሉት።

«የቱ እንድሪስ?»

«የሰዓዳው።»

«እሱማ ከሞተ ስንት ዓመቱ!»

«እንግዲያው በጣም ዘግይተሃል» አሉ ጋሽ አሰፋ። «ቅጣትህን ትከፍላለህ።»

ከዚያ ወዲያ የስብሰባ ሰዓት የጠበቀ የለም፤ ጉባኤው እንደሆነ ሞልቷል። ጋሽ አሰፋ እዚያው ቆመው ፈረዱ፤ ወንበሩ ሌላ ቦታ ይፈልግ፣ ቀዮም ወደ ቤቱ ይመለስ፣ ለሙከራ የሚነሳውም እንደ ዱሮው ቦሩ ሜዳ ተወስዶ ነው። «የተባለው ግንድ ግን ይቆረጥ። ቃል ቃል ነው» አሉ። ወንዶቹ ከአጥሩ ሥር አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ አንከባለው አመጡ። ጌታቸው ነፍሱ ተመልሳ ነበር፤ ገመዱን አንዴ ሳበ። በመጀመሪያው ተነሳ።

ሰንሰለቱ ግንዱን ሲነክሰው ሰጋቱራው እንደ ካፊያ በላያችን ላይ ወረደ። እማማ ትርንጎ ያዘቀዘቁትን ነጠላ አቃንተው ለበሱና፣ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ቀዮ አዘንብለው ግንዱ እስኪበጠስ ቆሙ። እኔ መሐረቤን ፈታሁ፤ ከአሮጌው ሰጋቱራ ላይ ከአዲሱ አንድ እፍኝ ጨመርኩና መልሼ ቋጠርኩት።